የዳነ ሰው ይጠፋልን? በልቅሶ ቤት የተነሣ የጥንት ጥያቄ



በረዶው በጠናበት ሰሞን፣ እዚሁ ኢስትሙር ሰፈር፣ አንድ ወገናችን መርዶ ተነግሮት ልቅሶ ልንደርስ ሄድን። ወንድሙ ያረፈው አገር ቤት ነው። እንደ ደንቡ ወንበሩ በየግድግዳው ተደርድሯል፤ ቡናው ይፈላል፤ ከኦርቶዶክሱም፣ ከጴንጤውም፣ ከሙስሊሙም ወገን ሰው ቤቱን ሞልቶታል። በስደት አገር ልቅሶ ቤት ሃይማኖት አይለይም።

ከመካከላችን አንድ ወጣት ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ብሎ፣ «ወንድምህ በወጣትነቱ ጌታን ተቀብሏል። አንዴ የዳነ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ አታልቅስ» አለው። ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስከ መጨረሻው የጸና ነው እንጂ! ሃያ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይረግጥ ኖረ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይልቅ ፍትሐት ይደረግለት» አሉ። ክርክሩ ጠንከር እያለ ሲሄድ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡ አንድ አዛውንት እንዲህ አሉ፦

«ቆይ እስቲ ልጆቼ። ሟቹን ለፈጣሪው ተዉትና እኔን ንገሩኝ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ አስጠርተውኝ፣ እምነቴን ትቻለሁ ብዬ ፈርሜ ነው ነፍሴን ይዤ የወጣሁት። ያኔ ስፈርም ድኜ ነበር ወይስ ጠፍቼ ነበር? ዛሬስ?»

ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ቡናው ቀረበ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ።

የጥያቄው ነገር ግን ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ይህ ጽሑፍ የሃይማኖት ስብከት አይደለም፤ እርሱን ለካህናቱና ለመጋቢዎቹ እንተወዋለን። ነገር ግን የአዛውንቱ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። በእስክንድርያ ተጠይቋል፤ በአገራችን በወሎና በሸዋ ተጠይቋል፤ እዚህ ከቤታችን ጥቂት ደቂቃ በመኪና በሚወስደው መንገድ ላይም ከ140 ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን ከፍሏል። እስቲ ታሪኩን እንመልከት። (ለማመሳከር እንዲያመች ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄው ምንድን ነው?

ኦርቶዶክሱ «ድኅነት» ይላል፤ የወንጌላውያን አማኞች «ደኅንነት» ወይም «መዳን» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰውየው ከየት እንደ መጣ ወዲያው ይናገራል። የወንጌላውያኑ ወጣቶች ጥያቄውን «ደኅንነት ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» ብለው ያቀርቡታል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ በብዙ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት «አንዴ የዳነ ለዘላለም የዳነ ነው» የሚለው ትምህርት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ሲውሉ ይሰሙትና ወደ ቤት ይዘውት ይመጣሉ።

ሁለቱም ወገኖች ከመጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳሉ። አይጠፋም የሚለው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ያነሣል፤ በዚያ በጎቹን ከእረኛው እጅ ማንም እንደማይነጥቃቸው ተጽፏል። የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8ንም ይጨምራል። ይጠፋል የሚለው ደግሞ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 6ንና 10ን ይዞ ይቀርባል፤ በዚያ ብርሃን ከበራላቸው በኋላ ስለ ወደቁ ሰዎች ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሁለቱም ፊት ደግሞ ሐዋርያው ጴጥሮስ ቆሟል፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዷል፣ ነገር ግን ተመልሷል።

የመጀመሪያው የክህደት ወረቀት

የአዛውንቱን ጥያቄ በትክክል የሚመስል ነገር የተከሰተው በ250 ዓ.ም. ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው ከሹማምንት ፊት ቀርቦ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከክርስቲያኖች መካከል የሞቱ አሉ፤ የሸሹ አሉ፤ የሠዉም አሉ። ሳይሠዉ ገንዘብ ከፍለው ወረቀቱን ብቻ የገዙም ነበሩ። ከእነዚያ ወረቀቶች በርከት ያሉት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ቆይተው በኋለኛው ዘመን በቁፋሮ ተገኝተዋል።

ስደቱ ሲበርድ ወረቀት የያዙት ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተመለሱ። ምን ይደረግ? በሮም የነበረው ኖቫትያኖስ የካደ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ሊመለስ አይችልም አለ። የቅርጣግናው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን ንስሐ ይግቡና ይመለሱ አለ፤ አንዳንዶች ሊያደርጉት እንደ ፈለጉት ያለ ንስሐ በችኮላ መቀበሉንም ተቃወመ። ቆጵርያኖስ ራሱ በ258 ዓ.ም. በሰማዕትነት ሞተ። ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ የተቀበለችው የእርሱን መንገድ ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ የዲዮቅልጥያኖስ ስደት መጣ። በ306 ዓ.ም. የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጴጥሮስ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን «ተፍጻሜተ ሰማዕት» ብላ የምትጠራውና ኅዳር 29 ቀን የምታስበው አባት፣ ስለ ወደቁት ሰዎች ሥርዓት ጻፈ። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አለመመዘኑ ነው። በግርፋትና በሥቃይ ብዛት የካደ ሰው እስከዚያ ባለቀሰበት ዘመን ላይ 40 የጾም ቀን ብቻ ተጨመረለት። ታስሮ ግን ሳይገረፍ ለካደው ከዚያ የረዘመ ጊዜ ተሰጠው። ማንም ሳይነካው በፍርሃት ብቻ ሮጦ ለካደው ደግሞ ዓመታት ተጨመረበት። ከእነዚህ ለአንዳቸውም ግን በሩ አልተዘጋም። ጴጥሮስ ራሱ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ተቆረጠ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በዚያን ዘመን ጥያቄው በመጽሐፍ ላይ የተነሣ አልነበረም። በደጃፍ ላይ የቆመ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ የጎረቤት ልጅ የሆነ ሰው ነበር ያስነሣው።

ጥያቄው ትምህርት ሲሆን

በጽሑፍ በስፋት የተመረመረው በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ በእርጅናው ዘመን እንደ ጻፈው፣ እስከ መጨረሻ መጽናት ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ይህ ስጦታ የተሰጠው ሰው ይጸናል። ነገር ግን በሕይወት ሳለ ስጦታው እንደ ተሰጠው በእርግጠኝነት ሊያውቅ የሚችል የለም ይላል።

ከሺህ ዓመት በኋላ የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል ነገሩ እንደገና ተነሣ። ሉተር ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ብሎ አስተማረ፤ ሆኖም ያመነ ሰው እምነቱን ሊያጣ እንደሚችል አልካደም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1547 በትሬንት ጉባኤ፣ ያለ ልዩ መገለጥ ማንም እስከ መጨረሻ እንደሚጸና ፍጹም እርግጠኛ ነኝ ሊል አይገባውም ብላ ወሰነች። የካልቪን ተከታዮች ደግሞ በ1618 እና በ1619 በኔዘርላንድ ዶርትሬክት ከተማ ተሰብስበው፣ የአርሚኒዮስን ተከታዮች በመቃወም፣ እግዚአብሔር የመረጣቸውን ፈጽሞ አይተዋቸውም የሚለውን ትምህርት አጸኑ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የዶርትሬክት ጉባኤ «አንዴ አምኛለሁ ካልህ እንደ ፈለግህ ኑር» አላለም። ቅዱሳን እንደ ዳዊትና እንደ ጴጥሮስ ከባድ ውድቀት ሊወድቁ እንደሚችሉ፣ በዚያም እግዚአብሔርን እንደሚያሳዝኑና ሕሊናቸውን እንደሚያቆስሉ በግልጽ ተናግሯል። ያለው ነገር፣ እግዚአብሔር በንስሐ ይመልሳቸዋል ነው። ስለዚህ በጥንቱ ትምህርት ዋስትናው የሚታየው ሰውየው ሲመለስ ነው። ዛሬ በመንገድ የሚሰማው አጭር አባባል ግን ይህንን መመለስ ይዘለዋል።

በሜይን ጎዳና ላይ የተነሣ ጠብ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከኢስትሙር በኢስት ሜይን ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ወደ መሐል ከተማ ስንነዳ ወዲያው ቤክስሊ እንገባለን። በዚያ በመንገዱ ዳር የካፒታል ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ይታያሉ። ብዙዎቻችን በየቀኑ ወደ ሥራ ስንመላለስ እናልፈዋለን። ይህ ትምህርት ቤት በ1850 የተቋቋመ፣ በ1876 ወደ ቤክስሊ የተዛወረ፣ የሉተራኖች ትምህርት ቤት ነው። የመሠረቱት የጀርመን ስደተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። ቋንቋቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ምግባቸውን ይዘው የመጡ፣ በእሑድ ቀን በአባቶቻቸው ቋንቋ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ፤ ልክ እንደ እኛ።

በ1870ዎቹ የኦሃዮ ሉተራኖች መሪ ማቲያስ ሎይ ይባል ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ ደግሞ የሚዙሪ ሉተራኖች መሪ ካርል ቫልተር ነበረ፤ እርሱም በ1839 ከሳክሶኒ ተሰዶ የመጣ ታላቅ መምህር ነው። ሁለቱ ወገኖች በ1872 አንድ ኅብረት አቋቁመው ነበር። ፍቅራቸውም የጠና ነበርና፣ በ1878 ካፒታል ዩኒቨርሲቲ ለቫልተር የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተለያዩ። ምክንያቱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቫልተር፣ እግዚአብሔር ሰውን ለመዳን የሚመርጠው በጸጋው ብቻ ነው፤ በሰውየው ውስጥ ያየው አንዳች ነገር የለም፤ እምነቱም ራሱ ከዚያ ምርጫ የመጣ ነው፤ ስለዚህ አማኝ ስለ መመረጡ እርግጠኛ ሊሆን ይገባዋል ብሎ አስተማረ። የኦሃዮዎቹ ደግሞ፣ እግዚአብሔር የመረጠው ሰውየው በክርስቶስ እንደሚያምን አስቀድሞ አይቶ ነው፤ እርግጠኝነቱም በእምነት እስከ ጸና ድረስ ነው አሉ። የቫልተርን ትምህርት «ሽፍን የካልቪን ትምህርት» አሉት። እነዚያም መልሰው «የመዳንን ክብር ለሰው ሰጣችሁ» አሏቸው። የሚገርመው፣ ሁለቱም አማኝ ከእምነት ሊወድቅ እንደሚችል ይስማሙ ነበር። የተጣሉት ያልወደቀው ሰው ስላልወደቀበት ምክንያት ነው።

በ1881 የኦሃዮ ሲኖዶስ ከኅብረቱ ወጣ። በዚያው ዓመት ሎይ በኮሎምበስ የነገረ መለኮት መጽሔት ጀመረ፤ በሚዙሪዎቹ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ሽቴልሆርን ወደ ካፒታል መጣ። ምእመናንም ይህን ወይም ያንን ወገን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። በሚኒሶታና በዊስኮንሲን የነበሩት የኖርዌይ ስደተኞችም በዚሁ ነገር ለሁለት ተከፈሉ። ከብዙ ዓመት ሐዘን በኋላ ኖርዌጂያኖቹ በ1912 በማዲሰን ከተማ ተስማሙ፤ ሁለቱም አነጋገር ሊቆም ይችላል፣ ለዚህ ተብሎ ወንድማማች አይለያይም ብለው በ1917 አንድ ሆኑ። ይህን ለማለት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

ኦሃዮዎቹና ሚዙሪዎቹ ግን እንደ ተለያዩ ቀሩ። የኦሃዮው ሲኖዶስ በ1930 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይኸው ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሚሲዮናውያኑን ወደ ወሎ ላከ፤ በ1959 ከተቋቋመችው ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋርም አብሮ ሠራ። እንግዲህ በሜይን ጎዳና ዳር የተማሩት ሰዎች ታሪክ ወደ እኛው አገር የሚያደርስ መንገድ ነበረው ማለት ነው። ወሎ ሲደርሱ ግን ያ ሕዝብ ይህንኑ ጥያቄ ከእነርሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በደም ያየው ሕዝብ ነበር።

የቄደር ጥምቀት

በ1529 በሽምብራ ቆሬ ጦርነት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ሕዝቡ ግራኝ የሚለው፣ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሸዋን፣ አማራን፣ ላስታንና ትግራይን አዳረሰ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከኢማሙ ጋር የዘመተው ዐረብ ፈቂህ በጻፈው ፉቱሕ አል ሐበሻ ላይም፣ በእኛ ዜና መዋዕሎችም፣ እጅግ ብዙ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን እንደ ለወጡ ተመዝግቧል። አንዳንዱ ሰይፍ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ርስቱን ለማዳን፣ አንዳንዱም ልጆቹን ለማትረፍ ነበር። ንጉሡ በ1540 በስደት ሳለ አረፈ። ልጁ አፄ ገላውዴዎስ በፖርቱጋሎች እርዳታ በ1543 በወይና ደጋ ድል አደረገ፤ ኢማሙም በዚያ ወደቀ።

አሁን አስቡት፤ ጦርነቱ አልቋል፤ ቤተ ክርስቲያን በፍርስራሽ ላይ እንደገና ሣር ክዳን እየተከደነላት ነው። በደጃፏ ደግሞ አገር ሙሉ ሰው ቆሟል። ያልካደው ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ተጠምቀው የነበሩ ናቸው። ያ ጥምቀት ጠፍቷልን? እንደ አዲስ ሊጠመቁ ነውን?

ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው መልስ «መጽሐፈ ቄደር» በሚባለው የንስሐ ሥርዓት ይታወቃል። የካደና የተመለሰ ሰው ንስሐ ይገባል፤ ጸሎት ይደረስለታል፤ በተጸለየበት ውኃ ይጠመቃል። ሕዝቡ «የቄደር ጥምቀት» ይለዋል። ነገር ግን ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት ይህ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም። የልጅነት ጥምቀት አንድ ብቻ ነው፤ አይደገምም። ቄደር የቆሸሸው የሚታጠብበት፣ የጠፋው ልጅ ወደ ቤቱ የሚገባበት ሥርዓት ነው።

የዚህን መልስ ጥልቀት ልብ ይሏል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «አንዴ የዳነ አይጠፋም» ብላ አታስተምርም። ድኅነት በእምነትና በምግባር፣ በጥምቀት፣ በንስሐና በቁርባን እስከ ዕለተ ሞት የሚኬድበት መንገድ ነው ትላለች። ነገር ግን የካደውን ሰው እንደ ባዕድ ከመጀመሪያ አልጀመረችውም። የተሰጠው ነገር እንደ ነበር ቆጠረችለት። በአንድ በኩል «ጠፍተህ ነበር» አለችው፤ በሌላ በኩል «ልጅ ነበርህ» አለችው።

ከዚህ የተለየ መልስ ሲሰጥ ምን እንደሚደርስም አይተናል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና እንዲካኑ አደረጉ። ገበሬው ይህን ሲሰማ «አባቶቻችን እንግዲህ ሳይጠመቁ ነው የሞቱት?» የሚል ቁጣ ቢሰማው አያስደንቅም። በላስታና በሌላውም ስፍራ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ።

ለእውነት ስንል የሌላውንም ወገን ሐዘን አንርሳ። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ፣ አገር ጥለው የተሰደዱም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በልቅሶው ቤት ከእኛ ጋር የተቀመጠው ሙስሊም ወንድማችን የአዛውንቱን ጥያቄ ከእኛ ባላነሰ ያውቀዋል። ተገድዶ አፉ የተናገረውና ልቡ የያዘው የተለያየበት ሰው በሁሉም ቤት አለ።

ከወላይታ እስከ ቀበሌ

የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን መልእክተኞች በ1928 ወላይታ ሶዶ ገቡ። ለዘጠኝ ዓመት ያህል አስተምረው፣ በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። መጽሐፉ በቋንቋቸው በሙሉ አልተተረጎመም፤ መሪዎቹም ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ እነዚህ ሰዎች ይጸናሉ ወይ ብለው ቢሠጉ አይፈረድባቸውም። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ነበር ተመዝግቧል። የጽናትን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ከኋላ ሲታይ ነው።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1972 በንጉሡ ዘመን ብዙ አባሎቿ ታስረውባት ነበር፤ በ1976 ደግሞ ደርግ ፈጽሞ ዘጋት። አማኞቹ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ጸለዩ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1976 ተይዘው በ1979 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያው በ1979 ሐምሌ ወር ከመንገድ ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙ ዓመት በእስር ማቀቁ። የእነዚህ ስም በክብር ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባል።

ያልተጻፉት ግን አሉ። ቀበሌ ተጠርተው መፈክር ያሰሙ፣ የፈረሙ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጓሮ የቀበሩ፣ ልጅ ስለነበራቸው ዝም ያሉ። ለእነርሱ የሐውልት ድንጋይ አልቆመላቸውም፤ ኅዳር 29 የሚመስል ቀንም የላቸውም። ከ1991 በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈቱ ከሕዝቡ ጋር አብረው ገብተው ከኋላ የተቀመጡ አሉ። እስካሁን ያልገቡም ይኖራሉ። ጥቂቶቹ እዚሁ ኮሎምበስ በመጋዘን ሥራ፣ በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ምን እንላለን?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጸሐፊው የተረዳው አንድ ነገር ነው። «ደኅንነት አይጠፋም» የሚለው ወገን፣ የወደቀውን ሰው ሲያይ «የእርሱ ከሆነ ይመልሰዋል» ብሎ ይጠብቀዋል። «ይጠፋል» የሚለው ወገን ደግሞ «ንስሐ ይግባና ይመለስ» ብሎ ይጠብቀዋል። ትምህርታቸው የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለምና ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። ነገር ግን ሁለቱም እንደ ትምህርታቸው ከሠሩ፣ በመጨረሻ የሚገናኙት በደጃፍ ላይ ቆመው አንድን ሰው ሲጠብቁ ነው። በታሪክ የታየው ጥፋት የደረሰው ከሁለቱ አንዱ ደጃፉን ትቶ ወደ ዳኝነት ወንበር ሲወጣ ነው። ኖቫትያኖስ ያደረገው ይህንን ነው፤ ሜንዴዝም እንዲሁ።

በልቅሶ ቤት «አታልቅስ፣ ድኗል» ማለት ለማጽናናት ነው፤ «ሃያ ዓመት ደጃፍ አልረገጠም» ማለትም ለነፍሱ ከመሳሳት ነው። ሁለቱንም እናከብራለን። ግን ከአጠገባችን ማን እንደ ተቀመጠ አናውቅም። የምንናገረው ስለ ሞተው ሰው መስሎን ሳለ፣ የሚሰማን በሕይወት ያለው ነው። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይባል የለ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዛውንቱን በአንድ ምግብ ቤት አገኘኋቸው። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው እንደ ሆኑ አልጠየቅኋቸውም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ለጠየቁን ጥያቄ ያነበብሁትን ልንገርዎት?» ብዬ ስለ ግብፁ ጴጥሮስ፣ በሥቃይ ለወደቁት ስለ ጨመረላቸው 40 ቀን፣ ስለ ቄደርም ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስለዚያ ስለ ተገኘው ወረቀት ስነግራቸው ግን ቀና አሉ።

«እውነት ወረቀቱ እስካሁን አለ?»

«አዎን፤ ከነስማቸው» አልኋቸው።

«እንግዲያ የእኔም በቀበሌው መዝገብ ቤት ይኖር ይሆናላ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጥቂት ቆይተው፣ «ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ተመልሰዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቱ ያንን አይናገርም። የፈረሙበትን ቀን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይናገርም። ይህንኑ ነገርኋቸው። «እንዲያ ከሆነማ ጥሩ ነው» አሉ፤ እንጀራቸውንም ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብላ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ።

እስከሚቀጥለው ቸር ያሰንብተን።